ኳስ የማይነካው ሚሳኤል

ጥቅምት 5 ቀን 1988፣ ሰኞ

ሚሳኤል ዘንድሮም ከቡድኑ አልተቀነሰም። አምስተኛ ዓመቱ ነው።

ከአሜሪካ የጻፈውን ደብዳቤ ቅዳሜ ከፖስታ ሣጥኔ አወጣሁት፣ ዛሬ ለእናቱ አነበብኩላቸው። ሦስት ገጽ። እትዬ ፀሐይወርቅ ከአቦ መልስ በቀጥታ ወደኛ ነው የመጡት፣ ነጠላቸውን እንዳጣፉ። ንግሥ ስለሆነ የመካኒሳ መንገድ በሰው ታጭቋል። የጋዜጣ መሥሪያ ቤታችን መኪና ቤት ድረስ መግባት አቅቶት ሹፌሩ ከታች ጥሩምባ ይነፋል።

ሁለቱን ገጽ ቆሜ አነበብኩ። ዘንድሮም በሰልፉ ከግራ ሁለተኛ ሆኖ እንደሚቆም፣ ብርዱ ገና እንዳልጀመረ፣ የአክስቱ ቤት ጣሪያ እንደታደሰ። ሦስተኛውን ገለጥ አደረግኩት። "ለጎረቤቶቻችን በሙሉ" ብሎ ይጀምራል። ደብዳቤዎቹ ሁልጊዜ በሰላምታ ነው የሚያበቁት።

"የቀረው ሰላምታ ነው" ብዬ አጠፍኩት።

"ለኔ ነው የሚጽፈው ለሰፈሩ?" አሉና ሳቁ።

መልሱንም እዚያው ነገሩኝ። "በርታ ልጄ። ቦታህን አትልቀቅ። አቦ ይጠብቁህ።" አጭር ነው፣ ቀጥተኛ ነው። አርእስት ይወጣዋል።

ፖስታ ቤት ጣልኩት። ገጽ አራትን በሰዓቱ ዘጋን።

ጥቅምት 8

ስፖርት ክፍል ያሉት ልጆች ዛሬም ያዙኝ።

"ጋሽ ግዛው፣ ያ የሰፈርዎ ልጅ ዘንድሮ ስንት አገባ?"

"አላገባም።"

"አምናስ?"

"አላገባም።"

"ኳስ ነክቶ ያውቃል ግን?"

"አያውቅም።"

"ታዲያ ሜዳ ምን ሊሠራ ይገባል?"

ሁልጊዜ እንዲሁ ነው። አሜሪካኖቹ እግር ኳስ ይሉታል፣ በእጅ ይጫወቱታል። ሁለት ገጽ የስፖርት ዜና በየሳምንቱ ሳርም ኖሬ ለዚህ አንድ ልጅ ሥራ ስም ማውጣት አቃተኝ። አምስት ግዙፍ ሰዎች በሰልፍ ያጎነብሳሉ። ከኋላቸው ኳሱን የሚያከፋፍለው ይቆማል። ከፊት ያሉት እሱን ሊጥሉት ይሮጣሉ። የአምስቱ ሥራ እንዳይደርሱበት መከልከል ነው። ሦስት ሰከንድ… ቢበዛ አራት። ያልቃል። ተነስተው እንደገና ይሰለፋሉ። በአንድ ጨዋታ ስልሳ፣ ሰባ ጊዜ። ስሙ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ሲያጠፋ ብቻ ነው፣ የሰው ማሊያ ጨምድዶ ሲገኝ።

ይህን ለእትዬ ፀሐይ ለማስረዳት የሞከርኩ ቀን ትዝ ይለኛል። በ1984። ወረቀት አውጥቼ አምስት ክብ ሣልኩ። አየት አደረጉትና፣

"ፈታሽ ነዋ" አሉ።

"እንዴት?"

"የኔን ሥራ ነው የሚሠራው በለኛ።"

ንፋስ ስልክ ፋብሪካ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የሴቶች ፈታሽ ነበሩ። "ደህና የዋልኩ ቀን ማንም ስሜን አይጠራም" አሉኝ። "ሥራ አስኪያጁ ስሜን ያወቀው ክር የጠፋ ቀን ነው።"

የልጁን ዘመን በቀን በቀን ማስቀመጥ እችላለሁ። በ1971፣ በአስራ አንድ ዓመቱ፣ ከአክስቱ ጋር አሜሪካ ሄደ። አስራ አምስት ሲሞላው የትምህርት ቤቱ አሠልጣኝ የመምህሩን ጠረጴዛ ብቻውን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አየው። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተጫወተ። ቡድኖቹ ተጫዋች ሲመርጡ ማንም አልመረጠውም፣ ኋላ በስልክ ጠሩት። በ1984 አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ ተቀመጠ። በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ ቀነሱት፣ በ1985 ኅዳር ላይ የሌላ ሰው ቁርጭምጭሚት ሲሰበር መለሱት። በ1986 መሰለፍ ጀመረ። አምና አስራ ስድስቱንም ጨዋታ ቆመ። መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ። ስልሳ ስድስት ቁጥር።

ይህ ሁሉ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ምን ብዬ ላውጣው? ዛሬም ኳስ አልነካም?

ጥቅምት 10

ጀሞ ማሳ ላይ ጉም… እስከ ሦስት ሰዓት አልተነሳም። ከውስጡ የሚያርሱ በሬዎች ብቅ ሲሉ ተሰልፈው ያጎነበሱ ሰዎች መሰሉኝ። መኪናው እስኪመጣ ቆሜ አየሁ።

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ካሴት መጣ። ከአሜሪካ የገባ መንገደኛ አርብ ዕለት ለመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ትቶልኝ ሄደ። የመስከረም ጨዋታ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ፀሐይን ይዤ ሮበሌ ቪዲዮ ቤት ሄድን። በዚያ ሰዓት ደንበኛ የለውም። አግዳሚዎቹ ባዶ፣ መጋረጃው ጥቁር። ካሴቱ ሲገባ ምስሉ ይንከባለል ጀመር። ሮበሌ ከኋላ ነካካው፣ በመዳፉ መታው፣ ተወው።

"የአሜሪካ ካሴት በኛ ማጫወቻ ቀለም አይሰጥም ጋሼ። ግራጫ ነው የምታዩት።"

"ግራጫ ይሁን" አሉ እትዬ ፀሐይ። "ልጄን በቀለም አይደለም የማውቀው።"

ሜዳው ግራጫ፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ሰዎቹ ከጉም የተሠሩ። በየደቂቃው ምስሉ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተትና ይመለሳል… ውኃ ውስጥ ቁልቁል እንደማየት። ድምፁ የነፋስ ፉጨት ብቻ።

ስልሳ ስድስትን አገኘነው። አጎንብሷል፣ አንድ እጁ መሬት ላይ። ኳሱ ሲነሳ ካሜራው ኳሱን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሚሳኤል ይቀራል። ስድስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። እትዬ ፀሐይ ከቴሌቪዥኑ ጠርዝ ወዲያ የቀረውን ሊያዩ ይመስል አንገታቸውን ያዘነብላሉ።

"ይሄ ካሜራ የያዘው ሰውዬ እናት የለውም?"

ሮበሌ ሳቀ። "እማማ፣ ሰው የሚመጣው ኳስ ሊያይ ነው።"

"እኔ ለኳስ አልመጣሁም።"

ተነሱ። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመው ኳስ አከፋፋዩ ባለበት ቦታ ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ። "አሁን አጫውተው።" ለሮበሌም ገባው። ካሜራው ከመሄዱ በፊት ያለችውን ሦስት ሰከንድ እየመለሰ በዝግታ ያሳየን ጀመር። ኳሱ በመዳፋቸው ሥር ጠፋ፣ የቀረው ሰልፉ ነው። ሚሳኤል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል፣ ሁለት እጁን የሚመጣው ሰው ደረት ላይ ያሳርፋል… ከባድ በር በቀስታ እንደሚዘጋ ሰው። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር ጨዋታን እንደዚህ አይቼ አላውቅም።

"ጋሼ" አለ ሮበሌ፣ "ይሄ ልጅ ኳስ ሳይነካ ኳስ ከያዘው በላይ ደከመው እኮ።"

እትዬ ፀሐይ አልሳቁም።

"ግዛው።"

"አቤት እትዬ።"

"ሲነሳ መሬቱን ይደገፋል። ግራ እግሩን አያምነውም።"

"ደክሞት ይሆናል።"

"ደብዳቤው ላይ ስለ እግሩ የጻፈው የለም?"

"የለም" አልኳቸው።

ጥቅምት 19

ሕልም። ላፍቶ ሜዳው ላይ ሰዎች በሰልፍ አጎንብሰዋል። ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። የሚነሳ ኳስ እየጠበቁ ነው፣ ኳስ ግን የለም። ቀና በሉ ልላቸው ፈልጌ ቃሉ ጠፋኝ።

ኅዳር 12፣ ረቡዕ

የሚሳኤል ስም በቴሌክስ መጣ። በአምስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ነው። "ግራ ጉልበት፣ የቀሩት ጨዋታዎች ያልፉታል።" ከስምንት ተጎጂዎች መካከል አምስተኛው መስመር።

ወረቀቱን ቀድጄ ኪሴ ከተትኩት። በየሳምንቱ የምልላቸው እኔ ነኝ፦ ስሙ ካልመጣ ደህና ነው።

ኅዳር 13

ጠዋት ሄጄ ነገርኳቸው። ደጃፋቸው ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

"ስሙ መጣ እንዴ?" አሉ፣ ገና ሳልቀመጥ። ፊቴን አይተው ነው።

አነበብኩላቸው። የያዙትን ቅጠል ቀንጥሰው ጨረሱ።

"ግራው ነው?"

"ግራው ነው።"

"ብዬህ ነበር።"

ኅዳር 16፣ እሑድ

ሚሳኤል ደወለ። በመንደሩ ስልክ ያለው እኛ ቤት ነው። ባለቤቴ ሙሉመቤት እትዬ ፀሐይን ልትጠራ ስትሮጥ እኔ ያዝኩት። ድምፁ የትልቅ ሰው ነው፣ አማርኛው ግን አስራ አንድ ዓመቱ ላይ ቆሟል። ሁልጊዜ ያስደነግጠኛል።

"ጋሽ ግዛው፣ ማክሰኞ ጉልበቴን ሊከፍቱት ነው።"

"አይዞህ። መቼ ነው የጀመረህ?"

"ነሐሴ ነዋ። ጽፌው የለ? ሐኪሙ ወይ አሁን ይከፈት ወይ እስከ ጥር በፋሻ ቁም፣ ምረጥ ብሎኝ። እማዬን ጠየቅኋት። ቦታህን አትልቀቅ አለችኝ።" ትንሽ ሳቅ አለ። "አልለቀቅሁም።"

"የት ላይ ነው የጻፍከው?"

"መጨረሻው ላይ። ከሰላምታው በኋላ። ከባድ ነገር መጀመሪያ አይጻፍም፣ ሰው ያስደነግጣል ትላለች አክስቴ።"

እትዬ ፀሐይ ገቡ። ስልኩን ሰጠኋቸውና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ድምፃቸው በመስኮት ይሰማ ነበር። "በላህ ወይ? ማነው የሚያስታምምህ?" ስለ ገጹ ምንም አላነሱም። ምን ብለው ያንሱ? አያውቁትም።

"የለም" ብያቸዋለሁ። ሳላይ።

ኅዳር 17

ምሳዬን ሳልነካ ተውኩት። ሙሉመቤት ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች።

"ማን ሞተ?"

ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ ልማዷ ነው።

"ጋዜጣ ነዋ ያነበብክላቸው" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አንተ ሁልጊዜ ከታች ነው የምትቆርጠው። እኔም ሳወራ መጨረሻዬን ሰምተህ አታውቅም።"

እውነቷን ነው። ዋናው ነገር ከላይ ነው ብዬ ስንት ጀማሪ አስተምሬአለሁ። ቦታ ሲጠብ ከታች ቁረጥ፣ አንባቢው አይጎዳም። ሃያ ስድስት ዓመት። የሰው ደብዳቤ ግን ተገልብጦ ነው የሚጻፈው… ሰላምታው፣ የአየሩ ነገር፣ የጎረቤቱ ጤና። ፍርሃቱ ከሁሉም በታች።

ጋዜጣ ላይ ስንሳሳት እርማት እናወጣለን፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ በትንሽ ፊደል። ይሄ በየትኛው ገጽ ይወጣል?

ኅዳር 20

ኦፕራሲዮኑ አልቋል፣ አክስቱ ደውላለች። ደህና ነው። ከጠበቁት በላይ ተጎድቶ ነው ያገኙት።

ሁለት ወር በላዩ ላይ ቆሞበታል።

ኅዳር 24

ዛሬም አልነገርኳቸውም። መንገድ ላይ አግኝተውኝ "ከሳህ፣ ምን ሆነሃል?" አሉኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ።

ኅዳር 30፣ እሑድ

ነገርኳቸው።

ቤታቸው ሄድኩ። የጥቅምቱን ደብዳቤ ያውጡልኝ አልኳቸው። ከአልጋው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ስበው አወጡ። ሦስተኛውን ገጽ ዘረጋሁ።

"ይህንን ያን ቀን አላነበብኩልዎትም። ሰላምታ ብቻ መስሎኝ።"

"አንብበዋ።"

አነበብኩ። እዚህም ልገልብጠው፣ አንድም ቃል ሳልቆርጥ።

"ለጎረቤቶቻችን በሙሉ፣ ለጋሽ ግዛው፣ ለእትዬ ሙሉመቤት ሰላም በይልኝ። እማዬ አሁን ዋናውን ልንገርሽ። ግራ ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ተቀዷል። አሁን ቢከፍቱት ዘንድሮ አልጫወትም፣ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ መመለሴ አይታወቅም። ካልከፈቱት እስከ ጥር በፋሻና በመርፌ እቆማለሁ፣ ግን ሊብስ ይችላል። መወሰን አቃተኝ። አንቺ ከበር ስትመለሺ እግርሽ አብጦ አይቻለሁ። አንቺ ታውቂያለሽ። የምትይኝን አደርጋለሁ። ልጅሽ ሚሳኤል።"

"ድገመው" አሉ።

ደገምኩት።

"ቀስ ብለህ።"

ለሦስተኛ ጊዜ ቀስ ብዬ አነበብኩ። ውጭ ልጆች ቆርቆሮ ይመታሉ። እትዬ ፀሐይ እግራቸውን ያዩ ነበር፣ ቁርጭምጭሚታቸውን።

"አትልቀቅ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "ከኔ አፍ ነው የወጣው።"

"የጠየቀዎትን ሳይሰሙ ነው እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ያንተማ ነው።"

ልሂድ ብዬ ስነሳ ተቀመጥ አሉኝ።

"አንድ ቀን ዝናብ ነበር" አሉ። "ሰዓት ደርሶ ሴቶቹ ይገፋፋሉ። አንዷን ሳልፈትሽ አሳለፍኳት። አውቃታለሁ፣ ሁልጊዜ ባዶ እጇን ናት ብዬ። ያን ቀን ክር ጠፋ። የወሰደችው ያቺ፣ ከሥራ የተባረረችው ሌላ። ልጅ ያዘለች። ከዚያ ወዲያ እናቴ ብትመጣም ፈትሼ ነው የማሳልፋት።"

ቆርቆሮውን በእግራቸው ወደኔ ገፋ አደረጉት።

"አንተም ከዛሬ ጀምሮ ፈትሸህ ነው። ሁሉንም። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምረህ፣ ሰላምታውንም ጭምር።"

ታኅሣሥ 7፣ እሑድ

ሠላሳ አንድ ደብዳቤ። ቆጥሬ ለየሁ፦ የአስራ ዘጠኙን መጨረሻ አላነበብኩላቸውም። አስራ ዘጠኝ።

እሑድ እሑድ እናነባለን ተባብለናል። ዛሬ የ1984ቱን። ከሰላምታው ሥር እንዲህ ይላል፦ "ሜዳ ስገባ ስንት ሺህ ሰው እንዳለ አላይም። የፊቴን ሰው ጫማ ብቻ ነው የማየው። ጫማው ወዴት እንዳዘነበለ ካየሁ ወዴት እንደሚሮጥ አውቃለሁ።"

እትዬ ፀሐይ ጉልበታቸውን መታ አደረጉ። "እኔም ጫማ ነበር የማየው። የደበቀች ሴት አረማመዷ ይለያል። ማን ነገረው? ትንሽ ልጅ ነበር እኮ፣ በር ላይ ምሳ ሲያመጣልኝ…"

አላውቅም አልኳቸው። ስመለስ የሰው ጫማ እያየሁ ሄድኩ።

ታኅሣሥ 14

የ1985ቱ። የተቀነሰበት ዘመን። ሁለት ወር ምን ይሠራ እንደነበር ዛሬ ገና አወቅን። "የሚቀየሩ ሰዎችን ቤት ዕቃ እሸከማለሁ። ፒያኖ ከባድ ነው እማዬ፣ ግን መልሶ አይገፋሽም።"

ሳቁ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ከዚያ እንደገና ሳቁ።

ያን ጊዜ "ደህና ነው፣ ያርፋል" ብዬ ነበር የነገርኳቸው። ከላይኛው ገጽ ላይ ያለው ያ ነበር።

ታኅሣሥ 21

የ1986 ደብዳቤ፣ የመጨረሻው ሦስት መስመር፦

"እማዬ ስልክ ስናወራ ሚሳኤል አትበይኝ። ድንቡሼ በይኝ። እዚህ አገር ያንን የሚያውቅ የለም።"

እትዬ ፀሐይ ሕፃን ሆኖ የሚጠሩት በዚያ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ በስልክ ሲያወሩ "ሚሳኤል፣ ልጄ" ብለውታል፣ ትልቅ ሰው ሆኗል፣ ያፍራል ብለው። እሱ ይጠብቅ ነበር… በየጥሪው።

ወደ ቤት አልሄድኩም። እስከ ፉሪ መንገድ ድረስ በእግሬ ሄጄ ተመለስኩ። ፀሐይ አዘቅዝቃ ገለባው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ስድስት ሰከንድ አይፈጅም ነበር ማንበቡ።

ጥር 12፣ እሑድ

የጥምቀት ማግስት። ሚሳኤል ደወለ። እትዬ ፀሐይ ስልኩን ከኔ ተቀበሉና ቀጥ ብለው ቆሙ፣ በር ላይ እንደቆሙ።

"ድንቡሼ" አሉ።

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሳቅ መጣ፣ ከስልኩ ውጭ እኔም ሙሉመቤትም ሰማነው። መቶ ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሙሉ ሳቅ።

ኋላ ላይ እትዬ ፀሐይ እንዲህ ሲሉ ሰማሁ። "ያን ጊዜ አትልቀቅ ያልኩህ መጨረሻውን ሳልሰማ ነው። … አይ፣ እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። ሳልፈትሽ ነው ያሳለፍኩት።"

ከፊቴ ቆመው ይከልሉኛል። ስልኩን ለመንኳቸው፣ ሰጡኝ።

"ሚሳኤል፣ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። ሰላምታ ብቻ መስሎኝ አጠፍኩት።"

የባሕር ድምፅ የሚመስለው የመስመሩ ጩኸት ብቻ… ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልለካሁም፣ እኔ ሁሉን የምለካው።

"ስሮጥ አሁንም ያመኛል ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "ይህን ልዋሽዎት አልችልም።" ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፦ "እኔም ግን ከላይ መጻፍ ነበረብኝ።"

ጥር 28፣ ማክሰኞ

አዲስ ደብዳቤ። ሦስት ገጽ። ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ አመጣሁት።

"ከየት ልጀምር?" አልኳቸው።

"ከመጨረሻው።"

"ዋናውን ከላይ ልጽፈው ሞክሬ ነበር፣ አልቻልኩም። የቡድኑ ሐኪም የካቲት 28 ጠዋት ጉልበቴን ያየዋል። ካለፍኩ ስድስተኛ ዓመት እቆማለሁ። ካላለፍኩ ያሰናብቱኛል። ከዚያ በፊት እኔ ራሴ አበቃሁ ካልኩ ግን ምርመራም የለም፣ በቃ። እንደገና ከወደቅሁበት ስሸመግል እንደማነክስ ነግሮኛል ሐኪሙ። እኔ ገና መቆም እፈልጋለሁ እማዬ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። አሁንም የምትይኝን አደርጋለሁ። የአሁኑን ግን እስከ መጨረሻው ሰምተሽ ንገሪኝ።"

ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ፣ ከዚያ አንደኛውን። ሰላምታውን ስም በስም።

ወረቀትና እስክሪብቶ አውጥቼ ተዘጋጀሁ። እትዬ ፀሐይ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

"ምን ልበል?" አልኩ።

"አንተ ሰላምታውን ጻፍ። እኔ የምለውን አንተ አታውቀውም፣ እኔም ገና አላወቅሁትም።"

ሁለት ገጽ ሰላምታ ጻፍኩ። ሙሉመቤት፣ ሮበሌ፣ የአቦ ደጅ ሰዎች፣ ስፖርት ክፍል ያሉት ልጆች ሁሉ ገቡ። ሲያልቅ ባዶ ወረቀት ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው።

"ሊጽፉ ነው?"

"በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥሬ የለ እንዴ። ዓይኔ ነው የሰነፈው። በቀን አንድ መስመር ብጽፍ እስከ እሑድ ይደርሳል።"

የካቲት 1

በአጥራቸው በኩል ሳልፍ ደጃፍ ተቀምጠው አየኋቸው። ወረቀቱ በቆርቆሮው ክዳን ላይ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ። ቀና አላሉም። ሰላም ሳልል አለፍኩ።

የካቲት 2

ሕልም። ያው ላፍቶ ሜዳው። ሰዎቹ አጎንብሰዋል፣ ግራጫ ናቸው። አሁን ግን ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት አለች፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ከኋላቸው ማን እንደቆመ ለማየት ዞርኩ። ማንም የለም፣ እኔ ነኝ።

የካቲት 3፣ እሑድ

እትዬ ፀሐይ ጠዋት መጡ። ፖስታውን ይዘው። በዱቄት ሙጫ አሽገውታል፣ ጠርዙ ላይ የጣታቸው አሻራ ደርቋል።

"ሦስተኛው ገጽ ውስጥ ነው" አሉ።

"ፊደሉን ልይልዎት?" ልል አፌ ደርሶ ነበር። ልማድ ነው። ዋጥኩት።

ሙሉመቤት እንዲቀመጡ ለመነቻቸው። አልተቀመጡም። እየወጡ ሳለ ዞር ብለው፣

"ግዛው፣ ስንት ቀን ይፈጃል?"

"አስራ ሰባት። ቢዘገይ ሃያ።"

"ይደርሳል እንግዲህ።"

ፊታቸውን አየሁ፣ ጫማቸውን አየሁ። ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

ፖስታው አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለብርሃን ከፍ አላደረግኩትም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ በእጄ ሲያልፍ ያላነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም… አይ፣ ተሳሳትኩ። ሃያኛው ነው። እያወቅሁ ያላነበብኩት ግን የመጀመሪያው።

ነገ ሰኞ፣ የካቲት 4፣ በራሴ እጅ ፖስታ ቤት እጥለዋለሁ። ምርመራው ሐሙስ፣ የካቲት 28፣ ጠዋት ነው።